«ረን»ን ከነብዙ ፍቺዎቹ መማሪያ መንገድ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ረጃጅሞቹን ቃላት ይፈራል። «ኢንዱስትሪያላይዜሽን» ግን ያን ያህል አያስቸግርም። አንዴ ካወቃችሁት የትም ብታገኙት ያው ነው፤ ፍቺው አይለወጥባችሁም። መከራ የሚያሳዩት ትንንሾቹ ናቸው፤ «ረን»፣ «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ሰት» የሚባሉት። ልጅ ሳለን አንድ አንድ ፍቺ ይሰጠናል። ከዚያ በኋላ ማንም ተመልሶ ስለነሱ አያስተምረንም።

እኔ ደሴ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውለው የሚመለሱ ሠራተኞች። ጎበዞቹ ሳይቀሩ «ረን» ሲያዩ «ሮጠ» ይላሉ። ማሽን ይሮጣል፣ ሱቅ ይሮጣል፣ አፍንጫ ይሮጣል። ስለዚህ ይህን መመሪያ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ላቆመው። አንዱን ቃል በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹን በዚያው መንገድ ይይዛቸዋል።

«ረን»ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ ብዙ ፍቺ በማብዛት የሚጠቀሰው «ሰት» ነበር፤ 430 ፍቺ ተቆጥሮለታል። መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲዘጋጅ ግን «ረን» በለጠው። በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ ተገኘለት። ይህን አንድ ቃል ለመሥራት አንድ አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ቃሉ ይህን ያህል የሰፋው ማሽን፣ ባቡር፣ ፋብሪካና ኮምፒውተር ሲመጡ እንግሊዞች አዲስ ቃል ከመፈለግ ይልቅ ይህንኑ ስለጫኑበት ነው።

አብሽሩ፣ 645ቱን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። መሸምደድ የጀመረ ሰው ሃያኛው ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። የሚያስፈልገው አረፍተ ነገሩን አይቶ ፍቺውን ማውጣት መቻል ነው።

አንደኛ፦ መልኩን ለዩ

የአሁኑ «ረን» ነው፤ እሱ፣ እሷ ወይም ዕቃ ሲሆን «ረንስ»። ያለፈው «ራን»። ከ«ሃቭ»ና ከ«ሃዝ» ጋር ሲመጣ ተመልሶ «ረን» ይሆናል። በመካሄድ ላይ ላለ ነገር «ረኒንግ»። «ረንድ» የሚባል የለም። «ራን» ሲባል አፍ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፤ «ረን» ሲባል ጠበብ ይላል። ጮክ ብላችሁ አሥር ጊዜ እያፈራረቃችሁ በሉትና እለፉ።

ሁለተኛ፦ እምብርቱን ያዙ

ይኼኛው ደረጃ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ አትቸኩሉበት።

በድሮው እንግሊዝኛ የ«ረን» አባት የሆነው ቃል ለሚሮጥ ሰውም ለሚፈስ ውሃም ያገለግል ነበር። በጀርመንኛ ዛሬም ወንድሙ «ሪነን» ማለት መፍሰስ ነው። እንግዲህ እምብርቱ እግር አይደለም፤ ሳያቋርጡ መሄድ ነው። አንድ ነገር ከተነሳ በኋላ በመንገዱ፣ በመስመሩ፣ በሥርዓቱ ሳይቆም ከቀጠለ እንግሊዝኛ «ረን» ይለዋል።

ይህን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ከደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈሩ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል፤ መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ግን «ኢዝ ረኒንግ»። ሚኒባሶቹ ቀኑን ሙሉ በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለሳሉ፤ «ዘ ሚኒባስስ ረን ኦል ዴይ»። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ስለዚህ መንገዱ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ «ዘ ሮድ ረንስ ዳውን ቱ ኮምቦልቻ»። ታች ቦርከና ይፈሳል፤ «ዘ ቦርከና ረንስ ፓስት ዘ ታውን»። አጠገባችሁ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ሕፃን ጉንፋን ይዞታል፤ «ሂዝ ኖዝ ኢዝ ረኒንግ»።

ከእነዚህ ሁሉ በእግሩ የሮጠ የለም። አማርኛው ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ሰጥቶታል፦ ይሠራል፣ ይመላለሳል፣ ይወርዳል፣ ይፈሳል። ወንዙና አፍንጫው ላይ ግን እኛም አንድ ቃል ነው የምንጠቀመው። «አፍንጫው ይፈሳል» ስንል አፍንጫው ራሱ ቀልጦ ፈሰሰ ማለታችን አይደለም፤ ማንም አይሳሳትበትም። የእኛን «ገባ»ም አስቡት። ቤት ገባ፣ ሥራ ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ቃል ገባ፣ ነገሩ ገባኝ። አንድ የወሎ ልጅ እነዚህን ሲሰማ የትኛው «ገባ» እንደሆነ ቆም ብሎ አያስብም። አጠገቡ ያለው ቃል ይነግረዋል። «ረን»ንም የምንለየው እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፦ «ማነው የሚሮጠው?» ብላችሁ ጠይቁ

ከ«ረን» በፊት ያለውን ባለቤት ፈልጉ። ግማሹን ሥራ እሱ ይጨርስላችኋል።

ባለቤቱ ሰው ወይም እንስሳ ከሆነና ሌላ ቃል ካልተከተለው መሮጥ ነው። እዚህ ላይ አትጠራጠሩ።

ባለቤቱ ፈሳሽ ከሆነ መፍሰስ ነው። ፔንሲዮን የምትሠሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያዙት። የውጭ አገር እንግዳ «ዱ ዩ ሃቭ ሆት ረኒንግ ዋተር?» ካላችሁ፣ ከቧንቧው ሙቅ ውሃ ይመጣል ወይ ማለቱ ነው። ለደሴ ብርድ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀለምም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ከነጩ ጋር ተዘፍዝፎ ቀለም ቢለቅ «ዘ ከለር ራን» ይባላል። የሴት ስቶኪንግ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ታች ሲተረተርም «ረን» ነው፤ ስንጥቁ መስመሩን ይዞ ስለሚሄድ።

ባለቤቱ ማሽን፣ ሞተር፣ ፕሮግራም ከሆነ መሥራት ነው። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች «ኮዱ ረን አላደርግ አለኝ» ሲሉ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ቃሉን በአፋቸው በትክክል ይጠቀሙበታል። ያው ቃል ግን መጽሐፍ ላይ ሲመጣ «ሮጠ» ይሉታል። በአፋችሁ ያለውን እመኑት፤ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው።

ባለቤቱ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ከሆነ በፕሮግራም መመላለስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። «ዘ ባስ ረንስ ኤቭሪ ሀወር» ሲባል አውቶቡሱ ፈጥኗል አልተባለም። በየሰዓቱ አገልግሎት ይሰጣል ነው። ቀስ እያለ የሚሄድ አውቶቡስም «ረን» ያደርጋል።

ባለቤቱ መንገድ፣ አጥር፣ ኬብል፣ የባቡር ሐዲድ፣ የተራራ ሰንሰለት ከሆነ መዘርጋት ወይም መዝለቅ ነው። ነገሩ ራሱ አይንቀሳቀስም። በዓይናችሁ ስትከተሉት ዓይናችሁ ነው የሚሄደው።

ባለቤቱ ጊዜ ያለው ነገር ከሆነ፣ ማለትም ኮርስ፣ ውል፣ ኤግዚቢሽን፣ ስብሰባ፣ መቆየት ነው። «ዘ ኮንትራክት ረንስ ፎር ቱ ይርስ» ማለት ውሉ የሁለት ዓመት ነው። የቤት ኪራይ ወይም የሥራ ውል በእንግሊዝኛ ከተሰጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ቃል ፈልጉት። ከጎኑ ያለው ቁጥር እስከ መቼ እንደታሰራችሁ ይነግራችኋል።

ባለቤቱ ጠባይ፣ መልክ ወይም በሽታ ሆኖ «ኢን ዘ ፋሚሊ» ከተከተለው በዘር የሚወረድ ነው። ሐኪም ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሲጠይቅ ይህን ይላል።

አራተኛ፦ «ተሳቢ አለው ወይ?»

አንዲት ተማሪዬ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እንደተቀጠረች አንድ ፎቶ በስልኳ አንስታ አመጣችልኝ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው። «ዱ ኖት ረን ዘ ማሽን ዊዝ ዘ ጋርድ ኦፍ» ይላል። «ቲቸር፣ ማሽኑ አካባቢ አትሩጡ ነው አይደል የሚለው?» አለችኝ። ማሽኑ ላይ የተጻፈ ነውና «አትሩጡ» ይሆናል ብላ መገመቷ አይገርምም። ማስጠንቀቂያው ግን ሌላ ነበር፦ መከላከያው ሳይገጠም ማሽኑን አታስነሱ። በዚህ ልዩነት ጣት ይቆረጣል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፊታቸው የሚደቀን ወጣቶች በዝተዋል። ለዚህ ነው ይህን ደረጃ ጠበቅ አድርጌ የማስተምረው።

መለያው ይህ ነው። ከ«ረን» ቀጥሎ መስተዋድድ ሳይገባ ስም ከመጣ፣ ያ ስም ተሳቢ ነው። ተሳቢ ካለ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ አይሮጥም፤ ሌላውን ነገር ያስኬዳል። አማርኛ ለዚህ ግሱ ላይ «አ» ወይም «አስ» ይጨምራል፦ ሠራ፣ አሠራ፤ ሄደ፣ አስኬደ፤ ተንቀሳቀሰ፣ አንቀሳቀሰ። እንግሊዝኛው ምንም አይጨምርም። ያው «ረን» ሁለቱንም ይሠራል። ስለዚህ ተሳቢ ስታዩ ያቺን «አስ» እናንተ ጨምሩለት።

«ዘ ማሽን ረንስ»፣ ማሽኑ ይሠራል። «ሺ ረንስ ዘ ማሽን»፣ ማሽኑን ታሠራለች።

ተሳቢው ሱቅ፣ ሆቴል፣ ድርጅት፣ ቤተሰብ ከሆነ ማስተዳደር ነው። «ሂ ረንስ ኤ ካፌ ኢን ፒያሳ» ሲባል ካፌውን የሚመራው እሱ ነው። የእሱ ንብረት ነው አልተባለም፤ ለሌላ ሰው የሚያስተዳድርም ሊሆን ይችላል። ለሥራ ማመልከቻ ስትጽፉ ይህ ልዩነት ይጠቅማችኋል። የአጎታችሁን ሱቅ ሁለት ዓመት ከያዛችሁ «አይ ራን ኤ ሾፕ» ማለት ትችላላችሁ፤ ሐሰት የለበትም።

ተሳቢው «ቴስት» ወይም «ቼክ» ከሆነ ምርመራ ማድረግ ነው። «አድ» ከሆነ ማስታወቂያ ማስነገር። «ኬብል» ከሆነ መዘርጋት። «ኤራንድስ» ከሆነ ጉዳይ ለማስፈጸም መሯሯጥ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሳይነጋገሩ ተገናኝተዋል። «ሪስክ» ከሆነ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ። «ፊቨር» ወይም «ቴምፕሬቸር» ከሆነ ትኩሳት መያዝ፤ ይህ አንዱ ከ«አስ» ሕግ የሚወጣ ስለሆነ ብቻውን ያዙት።

ተሳቢው ሰው ሆኖ ቦታ ከተከተለው በመኪና ማድረስ ነው። «አይ ዊል ረን ዩ ቱ ዘ ኤርፖርት» ያላችሁ ሰው አያስሮጣችሁም። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ድረስ በመኪናው ያደርሳችኋል።

አምስተኛ፦ የምትከተለዋን ትንሽ ቃል ከ«ረን» ጋር አንድ ላይ ያዙ

እዚህ ላይ ለየብቻ መተርጎም አይሠራም። «ረን»ንና ተከታዩን እንደ አንድ ቃል ቁጠሩት። ብዙ ናቸው፤ ዕለት በዕለት የሚያጋጥሙትን ብቻ ላንሳ።

«ረን አውት» ማለቅ ነው። በዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ ይሰናከላል፤ መፍትሔው ግን በአማርኛችን ውስጥ አለ። «ዘ ፊዩል ራን አውት»፣ ነዳጁ አለቀ። «ዊ ራን አውት ኦቭ ፊዩል»፣ ነዳጅ አለቀብን። «ኦቭ» ስትገባ ባለቤቱ ሰው ይሆናል፤ በአማርኛ «ብን»፣ «ብኝ»፣ «ባት» የምንለው ማለት ነው። «ቡና አለቀብኝ» ማለት የፈለገ ሰው «ኦቭ»ን አይርሳ። ካልሆነ «አይ ራን አውት ኮፊ» የሚል፣ እንግሊዝ የማይገባው አረፍተ ነገር ይወጣል። ጊዜም እንደዚሁ ነው። እኛ «ጊዜው ሮጠ» ስንል ጊዜው ሳይታወቀን ሄደ ማለታችን ነው። «ታይም ራን አውት» ግን ጊዜው አለቀ ነው። ፈተና ላይ ሁለቱን ያቀያየረ ልጅ አስተማሪው የሚለው አይገባውም።

«ረን ኢንቱ» ሁለት መንገድ አለው። ከሰው ጋር ከሆነ ድንገት መገናኘት ነው። «አይ ራን ኢንቱ ሃር አት ሰኞ ገበያ»፣ ሰኞ ገበያ ድንገት አገኘኋት። ባለቤቱ ተሽከርካሪ ከሆነ መጋጨት ነው። «ዘ ባጃጅ ራን ኢንቱ ኤ ዎል»፣ ባጃጁ ግድግዳ ገጨ። ከ«ፕሮብለምስ» ጋር ደግሞ ችግር ገጠመን ነው። በሦስቱም ውስጥ ያልታሰበ ነገር መግጠም አለ፤ እሱን ከያዛችሁ አይጠፋችሁም።

«ረን ኦቨር» አደገኛው ነው። ከሰው ወይም ከእንስሳ ጋር መኪና ወጣበት ማለት ነው። ስብሰባ «ራን ኦቨር» ከተባለ ግን ከሰዓቱ አለፈ። ድስት ወይም ባልዲ ከሆነ ሞልቶ ፈሰሰ። ባለቤቱን ሳታዩ አትደንግጡ።

«ረን ዳውን» ባትሪ ከሆነ አለቀ፤ ሰው ከሆነ ዛለ፣ አቅም አጣ፤ ሕንፃ ከሆነ አረጀ፣ ተጎሳቆለ። የሦስቱም ጉልበት ነው የወረደው።

«ረን አወይ» ጠፍቶ መሄድ። «ረን አፍተር» ማሳደድ። «ረን አፕ» ከሂሳብ ወይም ከዕዳ ጋር መቆለል። «ረን ኦፍ» ከኮፒ ጋር ማተም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ የምትሠሩ ልጆች ይጠቅማችኋል። «ረን ስሩ» ከላይ ከላይ ማየት ወይም መለማመድ። «ረን ፎር» ለምርጫ መወዳደር ነው፤ አሜሪካኖች «ረን ፎር» ሲሉ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ «ስታንድ ፎር» ይላሉ። አንዱ ሮጠ ሌላው ቆመ፣ ጉዳዩ ግን አንድ ነው።

አንዳንዴ ከ«ረን» በኋላ ቅጽል ይመጣል። ያኔ «ረን» ማለት «ሆነ» ነው፤ ፍቺውን ከቅጽሉ ውሰዱ። «ረን ድራይ» ደረቀ። «ረን ሾርት» እጥረት ገጠመው። «ረን ሎው» ሊያልቅ ተቃረበ። «ረኒንግ ሌት» እየዘገየ ነው። ቀጠሮ ሲረፍድባችሁ «አይ አም ረኒንግ ሌት» ብላችሁ መላክ ትችላላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁም ቢሆን ትክክል ነው።

ስድስተኛ፦ «ኤ» ወይም «ዘ» ከቀደመው ስም ነው

ከፊቱ «ኤ»፣ «ዘ» ወይም ቅጽል ካለ ግስነቱ ቀርቷል። አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያለው «ረን» እንዲህ ያለ ስም ነው።

«ትራያል ረን» የሙከራ ሥራ ነው። «ፕሮዳክሽን ረን» በአንድ ዙር የሚመረት ምርት። «ኢን ዘ ሎንግ ረን»ን ብዙ ሰው «በረጅሙ ሩጫ» ይለዋል፤ አማርኛው «ውሎ አድሮ» የሚል የራሱ ቃል እያለው። ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ «ሎንግ ረን» የተለየ ትርጉም አለው፦ ድርጅቱ ማሽኑንም ሕንፃውንም ጨምሮ ሁሉንም ግብዓት መለወጥ የሚችልበት ጊዜ ማለት ነው። «ረነር አፕ» ሁለተኛ የወጣ። «ረንዌይ» የአውሮፕላን መንደርደሪያ። «ኦን ዘ ረን» ከፖሊስ ሸሽቶ የሚኖር። «ዘ ረንስ» የተቅማጥ የመንገድ ስሙ ነው፤ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ከውጭ ዜጋ አፍ ልትሰሙት ትችላላችሁ።

«ረን ኦቭ ዘ ሚል»ን ለኮምቦልቻ ልጆች ስል ልጨምረው። ተራ፣ ምንም የተለየ ነገር የሌለው ማለት ነው። መነሻው ፋብሪካ ነው፤ ከማሽኑ እንደወጣ ገና ጥሩውና መጥፎው ሳይለይ ያለ ምርት እንዲያ ይባል ነበር። ጨርቅ ሲፈተሽና በደረጃ ሲለይ የዋለ ሰው ይህን ለመያዝ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ሰባተኛ፦ ደብተሩን እንዲህ ሥሩ

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ አውጡ። ለ«ረን» አራት ገጽ ተዉለት። መጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ሳያቋርጡ መሄድ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ገጽ ላይ ትርጉም ብቻውን አትጻፉ። ሁልጊዜ ሙሉ አረፍተ ነገር ይሁን። አረፍተ ነገሩም የራሳችሁ ውሎ ይሁን፤ የእናታችሁ ጉሊት፣ የሰፈራችሁ ቧንቧ፣ የምትሳፈሩበት ሚኒባስ። ከመጽሐፍ የተገለበጠ «ጆን ረንስ ኤ ፋርም» አይቆይላችሁም። ጆንን አታውቁትም።

ከእንግሊዝኛው ሥር አማርኛውን ስትጽፉ «ሮጠ» የሚለውን ቃል እንዳትጠቀሙ ራሳችሁን ከልክሉ፤ ለእግር ሩጫ ብቻ ይቅር። ይህ ክልከላ ከሁሉም በላይ ይሠራል። «ሮጠ» ሲከለከል አእምሯችሁ ትክክለኛውን የአማርኛ ግስ ይፈልጋል፤ ሲፈልግ ደግሞ ያገኛል። አማርኛችሁም አብሮ ይሰላል።

በቀን ከሦስት በላይ አታስገቡ። በሳምንቱ መጨረሻ አማርኛውን ብቻ እያያችሁ እንግሊዝኛውን በቃል አውጡ።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ለተማሪ የተዘጋጀውን ምረጡ። የኦክስፎርድም የሎንግማንም የካምብሪጅም በስልክ በነጻ ይታያሉ። መጀመሪያ ያለውን ፍቺ አንብባችሁ አትዝጉት። በካምብሪጅ ላይ ግሱ አጠገብ «ቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ተሳቢ ይፈልጋል፣ «አይ» ካለ አይፈልግም ማለት ነው፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ያልነው ነው። ጎግል ትራንስሌት የምትጠቀሙ ደግሞ ቃሉን ብቻውን አትስጡት። አረፍተ ነገሩን በሙሉ ስጡት፤ ከዚያም የሰጣችሁን በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትሹ፦ ማነው የሚሮጠው፣ ተሳቢ አለው ወይ፣ ምን ተከተለው።

ስምንተኛ፦ ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ወረቀት ጫኑበትና እነዚህን ተርጉሙ።

1. «ዘ ጀነሬተር ራን ኦል ናይት።»
2. «ሃር ፋዘር ረንስ ኤ ባርበርሾፕ ኢን አራዳ።»
3. «ዊ ራን አውት ኦቭ ሹገር።»
4. «ዘ ዌል ራን ድራይ።»
5. «ዘ ኮርስ ረንስ ፎር ቱ ዊክስ።»
6. «ማይ ፎን ባተሪ ሃዝ ረን ዳውን።»
7. «ዜይ አር ረኒንግ ኤ ኒው ኬብል ቱ አወር ኦፊስ።»
8. «ዘ ትሬኒንግ ራን ኦቨር፣ ሶ አይ አም ረኒንግ ሌት።»

መልስ፦

1. ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ።
2. አባቷ አራዳ ፀጉር ቤት ያስተዳድራሉ።
3. ስኳር አለቀብን።
4. ጉድጓዱ ውሃው ደረቀ።
5. ኮርሱ ሁለት ሳምንት ይቆያል።
6. የስልኬ ባትሪ አልቋል።
7. ወደ ቢሯችን አዲስ ኬብል እየዘረጉ ነው።
8. ሥልጠናው ከሰዓቱ አለፈ፤ ስለዚህ እየዘገየሁ ነው።

ሁለተኛው ላይ «አባቷ ፀጉር ቤት አላቸው» ያላችሁ፣ አራተኛውን ደረጃ መለስ ብላችሁ እዩት። ስምንተኛው ላይ «ሥልጠናው ላይ መኪና ወጣ» ያላችሁ አምስተኛውን። ሦስተኛውን «ስኳር አለቀ» ብላችሁ የተረጎማችሁ ተቀራርባችኋል፤ «ብን»ዋን ብቻ ጨምሩ።

ስምንቱንም ካገኛችሁ ደብተራችሁን ገልብጡና ቀጣዩን ቃል ጀምሩ። እኔ «ጌት»ን እንድትይዙ እመክራለሁ። እምብርቱ አለመኖር ወደ መኖር፣ አለመሆን ወደ መሆን መሻገር ነው። የመጀመሪያው አረፍተ ነገራችሁ «አይ ጌት ኢት» ይሁን፤ ከሥሩ «ገባኝ» ብላችሁ ጻፉ።